ከፌስታል ወደ አቡጀዲ፦ በደሴ ቤት ፕላስቲክን በሚበሰብስ ዕቃ የመተካት መመሪያ

ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የደሴን ቦዮች ጠርጎ ሲያልፍ ምን ይዞ እንደሚሄድ ለማየት ድልድይ ላይ መቆም ብቻ ይበቃል። ፌስታል፣ ባዶ የውሃ ላስቲክ፣ የዳይፐር ቅሪት፣ የተበጫጨቀ ማዳበሪያ ይታያል። ሁሉም ቦርከና ወንዝ ይገባል፤ ቦርከናም ኮምቦልቻን አልፎ በስተመጨረሻ ወደ አዋሽ ይደርሳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይነካ ወንዝ ነው፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከእኛ ቤት የወጣ ፕላስቲክ እንግዲህ ሩቅ አይሄድም። መንገዱ ላይ ባለው ማሳና ግጦሽ ላይ ይቀራል፣ በግም ላምም ይበላዋል።

ሕጉ ስለ ጉዳዩ ዝም ብሎ አያውቅም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑትን የማይበሰብሱ ፌስታሎች ማምረትንም ማስገባትንም ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአንድ ጊዜ ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ የቤት እመቤቷም ባለሱቁም የሚጠይቁት «በምን እንተካው?» የሚለውን ነው። ይህ መመሪያ ለዚያ ጥያቄ የተጻፈ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አቋሜን ልናገር። «የሚበሰብስ» ተብሎ አረንጓዴ ቅጠል የታተመበት ዕቃ ገዝቶ ማምጣት መፍትሔ አይመስለኝም። መበስበስ የዕቃው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው በወደቀበት ቦታ ያለው ሙቀት፣ እርጥበትና አፈር ሥራም ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በሞቃት ፋብሪካ ውስጥ የሚፈርስ ዕቃ እዚህ ጓሮ ውስጥ ላይፈርስ ይችላል። ስለዚህ መምረጥ ያለብን ጓሯችን ውስጥ ሲበሰብስ በዓይናችን ልናየው የምንችለውን ዕቃ ነው።

መጀመሪያ፦ እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት

ገበያ ላይ የሚበሰብሱ መስለው የሚሸጡ አራት ዓይነት ዕቃዎች አሉ።

የመጀመሪያው በፀሐይና በአየር ቶሎ እንዲሰባበር ኬሚካል የተጨመረበት ፌስታል ነው። ይህ ፌስታል ይሰባበራል እንጂ አይበሰብስም። ወደ ጥቃቅን ብናኝ ተለውጦ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ከመሬት ለቅሞ ለማንሳት እንኳን የማይቻል ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነት ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከገበያው ያስወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ከበቆሎና ከመሳሰሉት ስታርች የሚሠራው ፒ.ኤል.ኤ. የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ጥራት ያለው ብርጭቆና ማንኪያ ይሠራበታል፣ መነሻውም እህል ነው። ሆኖም በአግባቡ ለመፍረስ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ለሳምንታት ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሙቀት የሚይዘው የኢንዱስትሪ ማብላያ (ቆሻሻን ወደ ኮምፖስት የሚለውጥ ፋብሪካ) እንጂ የደሴ ጓሮ አይደለም። ዕቃው ላይ «ኢ.ኤን. 13432» የሚል የአውሮፓ መለኪያ ብታዩም ነገሩ ያው ነው፤ መለኪያው የወጣው ለኢንዱስትሪ ማብላያ ነው።

ሦስተኛው በጣም የሚያታልለው ነው፤ ጨርቅ የሚመስለው፣ በየሱቁና በየስብሰባው የሚታደለው ባለቀለም ቦርሳ። ስታዩት ጨርቅ ነው፣ ስትዳስሱት ጨርቅ ነው፤ የተሠራው ግን ማዳበሪያ ከሚሠራበት ከፖሊፕሮፒሊን ነው። ካላችሁ እስኪቀደድ ድረስ ተጠቀሙበት፤ ፌስታልን ትቻለሁ ብላችሁ ግን ሌላ አትግዙ። ዘንቢልም ቢሆን ዛሬ አብዛኛው የሚሠራው ከዘንባባ ሳይሆን ከፕላስቲክ ጭረት ስለሆነ እያያችሁ ግዙ።

አራተኛው የወረቀት ብርጭቆ ነው። ሻይና ቡና እንዳያፈስ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ ተለብጧል። ቀድዳችሁ ውሃ ውስጥ ብታሳድሩት ወረቀቱ ሲሟሟ ስሱ ሽፋን ለብቻው ተልጦ ይወጣል።

ሻጭን አምኖ ከመግዛት ይልቅ ሁለት ፈተናዎችን ልመዱ። አንደኛው የእሳት ፈተና ነው። ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር መዝዛችሁ በመቆንጠጫ ይዛችሁ አቀጣጥሉት። ጥጥ፣ ቃጫና ኬሻ እንደ ወረቀት ይሸታሉ፤ ሲጠፉ በጣት የሚደቅ ግራጫ አመድ ይተዋሉ። ፕላስቲክ ግን ይሸበሸባል፣ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፤ ሲበርድ ደረቅ ፍሬ ይሆናል። ሁለቱም ምልክት ከታየ ጨርቁ ቅልቅል ነው፤ ብዙው የዘመኑ የሸሚዝና የአንሶላ ጨርቅ እንዲህ ነው። ፈተናውን ደጅ ላይ አድርጉት፣ ጭሱንም አትማጉት።

ሁለተኛው የመቅበር ፈተና ነው። ከተጠራጠራችሁት ዕቃ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ፣ ከጎኑም ንጹሕ የጥጥ ቁራጭ አድርጋችሁ አንድ ስንዝር ጥልቀት ባለው እርጥብ አፈር ውስጥ ቅበሩ። ቦታው እንዳይጠፋ እንጨት ትከሉበት። በክረምት ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ስትቆፍሩት ጥጡ ተበሳስቶ ወይም በእጅ የሚበጣጠስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከጎኑ የተቀበረው ቁራጭ ሳይነካ ከቆየ መልሱን አገኛችሁ። በበጋ አፈሩ ስለሚደርቅ ውሃ እያጠጣችሁ ጠብቁ፤ አለበለዚያ ጥጡም አይበሰብስም።

ቀጥሎ፦ የአንድ ሳምንት ቆሻሻን መዘርዘር

ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ለመተካት የሚነሣ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይደክመዋል። የአንድ ሳምንት የፕላስቲክ ቆሻሻ በአንድ ኬሻ አጠራቅሙና ቅዳሜ ዕለት ዘርግፋችሁ ለዩት። በአብዛኛው ቤት ከሁሉ የሚበዛው ፌስታል ነው፤ ቀጥሎ የምግብ መጠቅለያ፣ የሳሙና ከረጢትና የውሃ ላስቲክ ይመጣል። ሥራውን ከብዙው ጀምሩ።

ጀሪካኑን፣ ባልዲውንና ጆኮውን ግን ተዉአቸው። ዓመታት የሚያገለግል ፕላስቲክ ጠላታችን አይደለም፤ አውጥቶ ጥሎ የሸክላ እንስራ መግዛትም ቆሻሻ መጨመር ነው። ችግሩ ከሱቅ እስከ ቤት ለአሥር ደቂቃ የሚያገለግለው ነው።

የገበያ ቦርሳ መስፋት

ጊዜና ገንዘብ የምታወጡት በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ ከሆነ በዚህ ይሁን። የጥጥ ጨርቅ ለማምረት ብዙ ውሃና መሬት ስለሚጠይቅ አዲስ ቦርሳ ጥቅሙ የሚታየው ለዓመታት ሲያገለግል ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለ ያረጀ ጋቢ፣ ቡሉኮ ወይም የጥጥ መጋረጃ ይቀድማል። ከሌለ አቡጀዲ ግዙ። የልብስ ስፌት ቤቶች የሚጥሉት ቁርጥራጭም ይሆናል፤ የእሳቱን ፈተና ማለፉን ብቻ አረጋግጡ።

አቡጀዲ ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። ሳይታጠብ ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ቦርሳውም ይጣመማል። ከደረቀ በኋላ እንዲህ ይሠራል።

1. ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ ቁረጡ። ሁለት ቁራጭ ቆርጦ ከታች መግጠም የተለመደ ነው፤ ግን ድንች የሚሸከመው ታችኛው ክፍል ስለሆነ እዚያ ስፌት ባይኖር ይሻላል። አንዱን ቁራጭ መሐል ላይ ብታጥፉት ታቹ ያልተቆረጠ ጨርቅ ይሆናል።

2. ለእጀታ 65 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ቁረጡ። እያንዳንዱን በርዝመቱ አራት ጊዜ ደርባችሁ ስታጥፉት ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ጥብጣብ ይወጣዋል። ሁለቱንም ጠርዝ ስፉ።

3. ትልቁን ጨርቅ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ እጠፉና ጎኖቹን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። ከዚያ ገልብጡትና ያንኑ ጎን እንደገና አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ አድርጋችሁ ስፉት። ጥሬው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ተደብቆ ይቀራል፤ አይተረተርም።

4. አፉን ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ስፉ። እጀታዎቹን ከአፉ ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው እንዲጀምሩ አድርጋችሁ በካሬ ስፉ፤ በካሬው ውስጥም መስቀለኛ ስፌት ጨምሩ። ቦርሳ የሚበጠሰው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ክሩ የጥጥ ይሁን። የተለመደው የማሽን ክር ፖሊስተር ነው፤ ቦርሳው በስብሶ ሲያልቅ ክሩ እንደ መረብ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። የጥጥ ክር ከታጣ በቤት የተፈተለ ድር ሰም አስነክቶ በእጅ መስፋት ይቻላል፤ ቀስ ይላል እንጂ ይበረታል።

ለምስር፣ ለሽምብራና ለስኳር አፋቸው በገመድ የሚታሰር ትናንሽ ከረጢቶችም ያስፈልጋሉ። ያረጀ ነጠላ ለጥራጥሬ ይሆናል፤ ዱቄትን ግን ያፈሳልና ለእርሱ አቡጀዲ ተጠቀሙ። በርበሬ ቀለሙም ሽታውም ስለማይለቅ በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ ይሻላል። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ ባዶውን ከረጢት ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ክብደቱን በክር ጥለፉበት። ሰኞ ገበያ ላይ ሻጯ ቁጥሩን አይታ ትቀንሳለች፤ ክርክር አይነሣም።

ቦርሳው ከቤት ካልወጣ ዋጋ የለውም። በር ላይ ከቁልፉ ጋር ስቀሉት። አንዱን አጥፋችሁ ኪስ የሚገባ አድርጉ፤ ሰው ፌስታል የሚቀበለው ገበያ አስቦ ሲወጣ ሳይሆን ከሥራ ሲመለስ ቲማቲም ሲያይ ነውና።

የምግብ መጠቅለያ፦ ሰም የነካው ጨርቅና የኮባ ቅጠል

ትኩስ ምግብን በፌስታል መቋጠር በቆሻሻነቱ ብቻ አይደለም የሚነቀፈው። ሙቀትና ቅባት በፕላስቲኩ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ወደ ምግቡ የሚያልፉበትን ፍጥነት ይጨምራሉ። ትኩስ ሽሮና ትኩስ ወጥ ክዳን ባለው የብረት ምሳ ዕቃ ይሂድ፤ ስለዚህ ሌላ የምለው የለኝም። ጥሬ ሥጋም እንደዚያው። ሥጋ ቤት ስትሄዱ ክዳን ያለው ሳህን ያዙ፤ ጋዜጣ ቀለሙ ይነካልና አይመከርም።

ለዳቦ፣ ለአይብ፣ ለተቆረጠ ሽንኩርትና ለልጆች ምሳ ግን ሰም የነካው ጨርቅ የመሰለ የለም። ሰሙን ለማግኘት ወሎ ውስጥ መቸገር አይኖርም፤ ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች የሚተርፋቸው ሰፈፍ አለ። ሰፈፉን በወንፊት ጨርቅ ቋጥራችሁ ውሃ ባለበት አሮጌ ድስት ውስጥ በለዘብተኛ እሳት አሙቁት፤ በእንጨት እየተጫናችሁ ጭመቁት። ሰሙ ወጥቶ ይንሳፈፋል። አውርዳችሁ ሳትነካኩ አሳድሩት፤ ጠዋት ላይ እንደ ቂጣ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ከሥሩ የተጣበቀውን ቆሻሻ በቢላ ፍቁ። ካልጠራ ድገሙት። ድስቱ ከዚያ በኋላ ለምግብ ስለማይመች ለዚሁ ሥራ ይቀመጥ። የሱቅ ነጭ ሻማ አቅልጦ መጠቀም ግን አይሆንም፤ እርሱ ፓራፊን ነው፣ የሚገኘውም ከነዳጅ ዘይት ነው።

የማር ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። በቀጥታ እሳት ላይ ማቅለጥ አደጋ አለው፤ ከመጠን በላይ ከሞቀ ይቀጣጠላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው ጥሩ መሣሪያ አለው፦

1. ምጣዱን ለጥቂት ደቂቃ አሙቁና አጥፉት። በላዩ ላይ ሰፊ የብረት ትሪ አስቀምጡ። ሰም በቀጥታ ምጣዱን እንዲነካ አትፍቀዱ፤ ሸክላው ይመጠዋል፣ እንጀራችሁም ለብዙ ቀን ይበላሻል።

2. በደንብ የታጠበ፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን የጥጥ ጨርቅ ትሪው ላይ ዘርጉ።

3. ሰሙን በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቃችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል በእኩል በትኑበት። ሲቀልጥ በንጹሕ የቀለም ብሩሽ ወደ ጠርዙ ግፉት። ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ቀለሙ ስለሚፈዝ ይለያል፤ እዚያ ላይ ትንሽ ጨምሩ።

4. ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ አንሡና በአየር ላይ ጥቂት አውለብልቡት። ከደቂቃ በታች ይደርቃል።

በውጭ አገር የሚሠሩት ዘይትና ሙጫ ይጨምሩበታል። ዘይቱ ጨርቁን ያለሰልሰዋል፤ የእኛ የምግብ ዘይት ግን ሲውል ሲያድር ስለሚሸት እኔ ሰም ብቻውን እመርጣለሁ። በደሴ ብርድ ጨርቁ ጠዋት ላይ ድርቅ ይላል። በሁለት እጅ ጥቂት ብታሹት ይለዝባል፣ የሳህኑንም አፍ ይይዛል።

እጥበቱ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና ነው። ሙቅ ውሃ ሰሙን ስለሚያነሣው ለጥሬ ሥጋ አይሆንም፤ በሙቅ ውሃ ካልታጠበ ደግሞ ጀርም ይይዛል። በእንክብካቤ ከተያዘ ወደ አንድ ዓመት ያገለግላል፤ ሲሰነጣጠቅ በዚያው ትሪ ላይ ሰም ይጨመርበታል። ጨርሶ ሲያረጅ የከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል።

የእንጀራን ነገር ለብቻው ልናገር፣ ፌስታል የማይለቀው በእንጀራ ነውና። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፤ ውሃው ተመልሶ ሲያርፍበት ቶሎ ይሻግታል። በጨርቅ ብቻ ከተጠቀለለ ደግሞ ጠርዙ ይደርቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ይብረድ፤ ቀጥሎ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሸፈን፤ ከላይ ሰም የነካ ትልቅ ጨርቅ ይደረግበትና መሶብ ውስጥ ይግባ። ከጉሊት የምትገዙ ከሆነ ጨርቅ የተዘረጋበት ሰፌድ ወይም ትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጯ መጀመሪያ ትገረማለች፣ በሦስተኛው ቀን ትለምዳለች።

ግቢው ውስጥ ኮባ ያለው ቤት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀለለ መጠቅለያ አለው። ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ያው ቅጠል ቅቤና አይብ ይጠቀልላል። በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ በፍም ላይ ለብለብ ይደረጋል፤ ቀለሙ ሲጠቁርና ሲለዝብ ይወርዳል። ሳይለበለብ ከታጠፈ ይሰነጠቃል። የመሐሉን አጥንት ቀድማችሁ አውጡ፤ ተሰንጥቆ ማሰሪያ ይሆናል። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም፣ ያኔ ለበግ መስጠት ነው።

ለዕቃ ማጠቢያ ቃጫና ሉፋ

ስፖንጅ በታጠበ ቁጥር ጥቃቅን ብናኝ ይጥላል፤ የሚወርደውም በቀጥታ ቦይ ውስጥ ነው። ምትኩ ቃጫ ነው። ገበያ ላይ የተፋቀ ቃጫ ካገኛችሁ ገዝታችሁ አንድ እጅ ሙሉ የሚሆነውን መሐሉ ላይ አጥፋችሁ እሰሩት፣ ጫፉን እኩል ቁረጡ፣ በቃ። ራሳችሁ ለማውጣት ከፈለጋችሁ ከተክሉ የታችኛዎቹን የበሰሉ ቅጠሎች ቁረጡ። ጭማቂው ቆዳ ያሳክካልና ጓንት አድርጉ። ቅጠሉን በዱላ ወቅጣችሁ በባልዲ ውሃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ዘፍዝፉት፤ ከዚያ በድንጋይ ላይ ዘርግታችሁ በዶማ ጀርባ ወይም በደነዘዘ ቢላ ሥጋውን ፋቁ፣ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ። ሽታው ከባድ ነው፤ ከጎረቤት አጥር ራቅ ብሎ ይሠራ። ወንዝ ውስጥ ግን አትዘፍዝፉ፣ ውሃውን ያበላሻል።

ሉፋ፣ ማለትም የደረቀ ፍሬው እንደ ስፖንጅ የሚያገለግለው ተክል፣ ለስላሳ ስለሆነ ለብርጭቆና ለገላም ይሆናል። ሙቀት የሚወድ ሐረግ በመሆኑ ግን ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ ይስማማዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ዘመድ የምትጠይቁ ከሆነ ዘሩን ስጧቸውና አጥር ላይ ይትከሉት። ፍሬው ተክሉ ላይ እንዳለ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅና ሲንኳኳ ይቀጠፋል፤ ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ስትልጡት መረቡ ይቀራል።

በአጭር የሚያልቁ

ለጥርስ ብሩሽ መፋቂያ አለ። እርሳስ የሚያህል እርጥብ የወይራ ጭራሮ በስንዝር ቁረጡ፣ ከጫፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ልጡ፣ እስኪበረቃቀቅ አኝኩ፤ በየቀኑ ጫፉን እየቆረጣችሁ አድሱ። ሲዋክ በእስላሙ ዘንድ ሱና ስለሆነ ወሎ ውስጥ ይህን ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ፍሎራይድ የለውምና የልጆች የጥርስ ሳሙና ይቀጥል።

ለልብስ ማጠቢያ በትንንሽ ከረጢት ከሚሸጠው ዱቄት ይልቅ ደረቅ ሳሙና ግዙ። እንዶድም ለነጠላና ለጋቢ ድንቅ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትና ለቢልሐርዚያ መከላከያ ምርምር የተነሡት በዚህ ፍሬ ነው። ያው ኃይሉ ግን ዓሣም ይገድላል፤ እጣቢውን ቦርከና አትጣሉት፣ ጓሮ ላይ ድፉት።

የጭማቂ ቀሰም ከታመመና ከሕፃን በቀር ለማንም አያስፈልግም፤ ብርጭቆውን ማንሣት ነው። ለዳይፐር የጥጥ ጨርቅ ታጥቦ ይመለሳል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለች እናት ግን ቀን ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ዳይፐር ብትጠቀም የሚወቅሳት ሊኖር አይገባም። ቆሎ ደግሞ በወረቀት ጥቅል ሲሸጥ የኖረ ነው፤ ፌስታል ውስጥ ማን እንዳስገባው አላውቅም።

የችግኝ ላስቲክን መተካት

በየክረምቱ ጦሳና ዙሪያውን ለማልበስ ችግኝ ይወጣል። ከችግኙ ጋር የሚወጣው ጥቁር የፖሊቲን ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ ተቀድዶ እዚያው ይጣላል፣ አልፎ አልፎም ከነችግኙ ይቀበራል። ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ እየተጠመዘዘ ያድጋል፤ ከዓመታት በኋላ ነፋስ ይጥለዋል ወይም ይቀጭጫል።

ለጎመን፣ ለቃሪያ፣ ለቲማቲምና ለአበባ የጋዜጣ ከረጢት ይበቃል። አንድ የጋዜጣ ገጽ በርዝመቱ እጠፉና ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልሉ። ከጠርሙሱ ሥር የተረፈውን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ተጫኑ፤ ጠርሙሱን ስቡ። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት አይሆንም። አፈሩ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን። ከረጢቶቹን በእንጨት ሳጥን ውስጥ አጠጋግታችሁ ደርድሩ፤ ተደጋግፈው ይቆማሉ። ውሃው በቀስታ ይረጭ።

በአራት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ከነወረቀቱ ይተከላል። ሲተከል ከአፈሩ በላይ የቀረውን የወረቀት ጠርዝ ቅደዱት ወይም ሙሉ በሙሉ ቅበሩት። ጠርዙ ውጭ ከቀረ እርጥበቱን ከሥር ስቦ በነፋስ ያደርቀዋል፤ ችግኙ በዝናብ መካከል በውሃ ጥም ይሞታል፤ ሰዉም ወረቀቱን ያማል።

ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ግን ለተከላ እስኪደርሱ ብዙ ወራት ይፈጃሉ፤ ጋዜጣ እስከዚያ አይቆይም። የሙዝ ወይም የኮባ ግንድ ሽፋን በጭረት ታስሮ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ከጥቂት ወራት በላይ አያስተማምን። ስለዚህ ለእነዚህ ዛፎች ላስቲኩ ይቆይ፣ ነገር ግን ተከላው ቦታ ላይ አይቅር። ለየአሥር ተካይ አንድ ኬሻ ያዥ መድቡ፤ ላስቲክ ያልመለሰ ሌላ ችግኝ አይቀበል። ከጎን በአንድ መስመር በጥንቃቄ የተቀደደ ቱቦ በቃጫ ታስሮ በሚቀጥለው ዓመት ያገለግላል።

የሚበሰብሰውን ማበስበሻ

በሚበሰብስ ዕቃ ተክቶ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከፕላስቲክ ጋር መጣል ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። አየር በሌለበት ክምር ውስጥ የታፈነ ጥጥና ወረቀት በዝግታ ይበሰብሳል፣ ሚቴን ጋዝም ያወጣል። ጓሮ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ይበቃል። በበጋ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፤ እርጥበቱ ይጠበቃል። በክረምት ግን ጉድጓዱ ውሃ ስለሚሞላ ከመሬት በላይ ከምሩና በሣር ሸፍኑት። የደሴ ቁልቁለት ጎርፉን ወደ ክምሩ እንዳያመጣው ከላይ በኩል ትንሽ ቦይ ቅደዱ።

ከሥር ጭራሮ፣ ከዚያ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ ከዚያ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ከዚያ ፋንድያ ወይም እበት፣ ከዚያ ስስ አፈር፤ እንዲህ እየተደራረበ ይሄዳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙ፤ ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ ሌላውንም ያዘገያል። ያረጀ ቦርሳ፣ የተቆራረጠ የቃጫ ማጠቢያ፣ የጋዜጣ ቅሪት ሁሉ ይገባሉ፤ ጨርቁን ግን በጣት ስፋት ሸነታትሩት፣ ሙሉውን ከጣላችሁት ተጠቅልሎ ይቀራል። ስትጨብጡት እጅ የሚያረጥብ ግን የማይንጠባጠብ ሲሆን እርጥበቱ ልክ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ገልብጡት። ኮምቦልቻ ላይ በሦስት አራት ወር የሚደርሰው ደሴ ላይ እስከ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል።

ቅሬውን ማሳመን

ቤት ውስጥ የተቆጠበው ሁሉ በአንድ ሰርግ ሊካካስ ይችላል። ሰደቃ፣ መውሊድ፣ ተዝካርና ሰርግ ላይ የፎም ሳህንና የፕላስቲክ ብርጭቆ እየበዛ የመጣው አጠባን ስለሚያስቀር ነው። የሚበሰብስ ሳህን መፈለግ አያስፈልግም፤ ቅሬው (ዕድሩ) ድንኳንና ድስት እንዳለው ሁሉ ሳህንና ብርጭቆም ይኑረው። የሚሰበር ሸክላ ሳይሆን የማይዝግ ብረት ይግዛ። ጥያቄውን ሐዘን ላይ አታንሡት፤ ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን፣ ላለፈው ድግስ የወጣውን የሳህን ወጪ በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ቅረቡ። ሽማግሌዎቹ ከአካባቢ ጥበቃ ይልቅ በዚህ ቁጥር ይረታሉ።

አያያዙ ቀድሞ ይወሰን። ዕቃው በቁጥር ይውጣ፣ በቁጥር ይግባ፤ የጎደለውን የወሰደው ቤት ይተካ። አጠባው በሦስት ጎድጓዳ ዕቃ ይሁን፦ አንዱ የቀረውን ምግብ ለማስለቀቅ፣ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። ፍርፋሪው ቀድሞ ወደ ባልዲ ይራገፍ፤ ለበግና ለኮምፖስት ይሆናል። እጥበቱን ለሴቶች ብቻ የጣለ ቅሬ በሁለተኛው ድግስ ወደ ፎም ሳህን ይመለሳል፤ ስለዚህ ድንኳን የሚተክሉት ወጣቶች ሳህንም እንዲያጥቡ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ።